የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በኮንትራት ሄዶ ያለ ኢቃማ መቅረት

ለዚህ ዐምድ በቅርቡ ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ያለ መኖሪያ ፈቃድ (ኢቃማ) ስለሚሠሩ ወገኖቻችን የሚጠይቁ ናቸው። አንዳንዶቹ ከቤተሰብ፣ አንዱ ከዚያው ከሪያድ የተጻፉ ሲሆኑ፣ የፖሊሲውን ጉዳይ አንሥተው ከእኛ ጋር መከራከር የፈለጉም አሉ። ጸሐፊዎቹ ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለጠየቁ የጻፉበትን ቦታ ብቻ አስቀምጠናል።

ጥያቄ፦ ታናሽ እህቴ በኤጀንሲ በኩል፣ ሥልጠና ወስዳና ኮንትራት ፈርማ በቤት ሠራተኝነት ወደ ሪያድ ሄደች። ሰባት ወር ሙሉ ደመወዝ ሳይከፈላት ስትቀር ቤቱን ጥላ ወጣች። አሁን በተመላላሽነት ትሠራለች። በቅርቡ ታማ ክሊኒክ ብትሄድ «ኢቃማሽ አይሠራም፣ ሁሩብ ተደርገሻል» አሏት። በሕጋዊ መንገድ የሄደች ልጅ እንዴት ሕገወጥ ልትባል ቻለች? (ከከሚሴ)

መልስ፦ በእህትዎ ላይ የደረሰው በስሕተት የተፈጠረ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አሠራሩ ራሱ የሚያመጣው ነው። ካፋላ በሚባለው ሥርዓት መሠረት የሠራተኛዋ የመግቢያ ቪዛ፣ የሥራ ፈቃዷና የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ማለትም ኢቃማዋ፣ ሁሉም በአንድ አሠሪ ስም የታሰሩ ናቸው። ካፊሉ፣ ማለትም ወረቀቱ በስሙ የታሰረው አሠሪ፣ ኢቃማውን ካላሳደሰ፣ እርሷ ምንም ሳታጠፋ ወረቀቷ ይቃጠላል። ከቤቱ ከወጣች ደግሞ አሠሪው በመንግሥት መተግበሪያ ገብቶ ሠራተኛዬ ጠፍታለች ብሎ ማመልከት ይችላል። ሁሩብ የሚባለው ይህ ማመልከቻ ነው። አሠሪው ራሱ በአጭር ጊዜ ውስጥ ካላነሣው ኢቃማው ይሰረዛል፤ ከዚያ በኋላ ሠራተኛዋ ወደ ሌላ አሠሪ መዛወርም ሆነ በራሷ ትኬት ቆርጣ መውጣት አትችልም፤ ከተያዘች የምትወሰደውም ተርሂል ወደሚባለው የተባራሪዎች ማቆያ ነው። አሠሪው ይህን ማመልከቻ ሲያስገባ የሰባት ወሩን ደመወዝ ስለ መክፈሉ ማስረጃ አምጣ የሚለው የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰቦች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። በሳዑዲ ደንብ መሠረት ለሦስት ወር ደመወዝ ያልተከፈላት የቤት ሠራተኛ የአሠሪዋ ፈቃድ ሳያስፈልጋት ወደ ሌላ አሠሪ መዛወር ትችላለች። እህትዎ ይህን መብት ያገኘችው በሦስተኛው ወር ሲሆን ከቤቱ የወጣችው በሰባተኛው ነው። ነገር ግን ስልኳ በማዳም እጅ የሚውልባት፣ ከግቢው በር ብቻዋን የማትወጣና ዐረብኛው ገና ያልገባት ልጅ ይህን ደንብ ከማን ትስማው? ከመሄዷ በፊት የተሰጣት ሥልጠና ልብስ ማጠቢያና ምድጃ አጠቃቀም ላይ ካተኮረና ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ከዘለለው፣ የሥልጠናው ትልቁ ክፍተት ያ ነው እንላለን።

አሁንም ቢሆን ጉዳዩ አልቆለታል ማለት አይደለም። ሁሩቡ የቀረበው ደመወዝ ላለመክፈል ነው ብላ ለሳዑዲ የሰው ኃይል ሚኒስቴር አቤቱታ ማቅረብ ትችላለች፤ የሚኒስቴሩ ስልክ 19911 ነው። የቤት ሠራተኞችን ክርክር የሚያዩ ኮሚቴዎች አሉ። ሪያድ ባለው ኤምባሲያችን በኩል ብትሄድ ደግሞ የተሻለ ይሆናል። የሚረዳት ማስረጃ የኮንትራቱ ቅጂ፣ የኢቃማው ቁጥር፣ የአሠሪው ሙሉ ስምና ስልክ፣ እንዲሁም ደመወዜን ስጡኝ ብላ የላከችው ማንኛውም የዋትሳፕ መልእክት ነው። በአገር ቤት ደግሞ እርስዎ ራስዎ ሊሠሩት የሚችሉት አለ። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የላካት ኤጀንሲ ለኮንትራቱ አፈጻጸም ከአሠሪው ጋር በጋራም በተናጠልም ኃላፊ ነው፤ ፈቃዱንም ያገኘው 100,000 የአሜሪካ ዶላር ዋስትና በዝግ ሒሳብ አስይዞ ነው። ያ ገንዘብ የተያዘው እንዲህ ላለው ቀን ስለሆነ፣ አቤቱታዎን በጽሑፍ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ያቅርቡ፤ ኤጀንሲው «ጠፍታ ወጥታለች፣ ከእንግዲህ አያገባኝም» ቢልዎትም አይቀበሉት። ደመወዙ ያልተከፈለው እርሷ ከመጥፋቷ በፊት ነው።

በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ አንድ መሻሻል መጥቷል። ከዚያ ወዲህ ሙሳነድ በተባለው የቅጥር መድረክ በኩል የሚፈረሙ አዳዲስ የቤት ሠራተኛ ኮንትራቶች ደመወዝ በእጅ ሳይሆን በባንክ ወይም በዲጂታል ቦርሳ እንዲከፈል ተደርጓል፤ ለነባሮቹም በየደረጃው እየተተገበረ መጥቷል። የተከፈለውና ያልተከፈለው ወር ተመዝግቦ ስለሚቀር «ከፍያለሁ»፣ «አልተከፈለኝም» የሚለው ክርክር ይቀንሳል። እርግጥ ካርዱም ስልኩም በማዳም እጅ ከሆነ ይህም ብዙ አይረዳም።

ጥያቄ፦ ልጆቻችን በየቀኑ እየተጎዱ መንግሥት ዝም ማለቱ አይገባኝም። በ2006 ዓ.ም. እንደተደረገው ጉዞውን ጨርሶ መዝጋት አይሻልም? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጥያቄዎ የተነሣው ከመቆርቆር እንደሆነ እንረዳለን፤ በሐሳቡ ግን አንስማማም። ምክንያታችንን ዘርዘር አድርገን እናቅርብ።

በ2005 ዓ.ም. የሳዑዲ መንግሥት ኒጣቃት በተባለው የሥራ ገበያ ዕቅዱ ሳቢያ ወረቀት የሌላቸው የውጭ አገር ሰዎች ወረቀታቸውን እንዲያስተካክሉ ወይም አገሩን እንዲለቁ ቀነ ገደብ ሰጠ። አንድ ጊዜ የተራዘመው ይህ ቀነ ገደብ ጥቅምት 24 ቀን 2006 ዓ.ም. አበቃ። በተከተሉት ቀናት ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩበት በሪያዱ መንፉሐ ሰፈር የተፈጠረው ግጭትና የጠፋው ሕይወት ከብዙዎቻችን አእምሮ አልወጣም። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን በአውሮፕላን ተመለሱ፤ ብዙዎቹ ቦሌ ሲደርሱ ከለበሱት ልብስ በቀር የያዙት አልነበራቸውም። የኢትዮጵያ መንግሥትም በዚያው ጥቅምት ወር ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን የሥራ ስምሪት አገደ፤ እገዳውም ከአራት ዓመት በላይ ቆየ።

በእነዚያ ዓመታት የሆነውን በሁለት መንገድ ማየት ይቻላል። የመጀመሪያው ባሕሩ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን በመዘገበው መሠረት በጅቡቲና በሶማሊያ ጠረፎች በኩል ቀይ ባሕርንና የኤደን ባሕረ ሰላጤን አቋርጠው የመን የገቡት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2013 65,000 ያህል ነበሩ፤ በ2014 ወደ 92,000 ከፍ አሉ፤ በ2016 ደግሞ 117,000 ደረሱ። ከእነዚህ የሚበዙት ኢትዮጵያውያን ናቸው። የመን ከመጋቢት 2007 ዓ.ም. ጀምሮ በጦር አውሮፕላን የምትደበደብ አገር እንደነበረች ያስታውሱ። ይህን ሁሉ እገዳው አመጣው ማለት ግን ትክክል አይሆንም፤ በባሕር የሚሄዱት በአመዛኙ ወንዶች ሲሆኑ እገዳው በቀጥታ የነካው በኮንትራት የሚሄዱትን ሴቶች ነበርና። ቁጥሩ በግልጽ የሚያሳየው በአዲስ አበባ የተጻፈ የእገዳ ደብዳቤ ከጅቡቲዋ ወደብ ከኦቦክ የሚነሣውን ጀልባ አለማስቆሙን ነው።

ለጥያቄዎ ይበልጥ የሚቀርበው ሁለተኛው መንገድ፣ የሴቶቹ ጉዞ ነው። ኮንትራቱ ሲዘጋ ደላላው ሥራውን አልዘጋም። የጉብኝት ቪዛ አውጥቶ በዱባይ በኩል፣ በመተማ አሻግሮ በሱዳን በኩል፣ በዑምራ ስም በቀጥታ ወደ ጅዳ መላኩን ቀጠለ። በዚህ ሁኔታ የሄደች ሴት ኮንትራት የላትም፤ ኤጀንሲዋ ስለሌለ ዋስትና የሚጠየቅ ወገን የለም፤ ኤምባሲው ውስጥ ስሟ የተመዘገበበት መዝገብ የለም፤ ብትሞት እንኳ ለማን እንደሚነገር አይታወቅም። እገዳው ልጆቹን ከጉዳት ሊጠብቅ ታስቦ በሕግ የምትጠበቀውን ቀንሶ በሕግ የማትጠበቀውን አበዛ። ቤተሰብ ደግሞ ለደላላው የሚከፍለው ዋጋ ስለናረ ዕዳው ከበደ። ዕዳ ያለባት ልጅ የቱንም ያህል ብትበደል ከቤቱ ወጥታ ወደ አገሯ ለመመለስ ድፍረት አታገኝም።

በኋላ የወጡት አዋጆች፣ ማለትም 923/2008ና እርሱን ያሻሻለው 1246/2013፣ በሁለትዮሽ ስምምነት ላይ የተመሠረተ ሕጋዊ መንገድ መክፈታቸው ትክክለኛ አቅጣጫ ነው ብለን እናምናለን። ከሳዑዲ ጋር ስምምነቱ የተፈረመው በግንቦት 2009 ዓ.ም. ነው። ቅሬታችን በአፈጻጸሙ ላይ ነው። መንግሥት ስንት ሰው እንደሚልክ በኩራት ሲናገር እንሰማለን፤ ደመወዛቸውን ተከልክለው ክስ ካቀረቡት ስንቶቹ እንደተከፈላቸው ግን በዚያው ድምፅ ሲነገረን አንሰማም። በር መክፈትና በሩን ያለፉትን መከታተል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ከሁለቱ ብዙ ገንዘብና ብዙ ሰው የሚጠይቀው ሁለተኛው ነው።

ጥያቄ፦ በኦቦክ በኩል፣ በየመን አድርጌ ነው የገባሁት። ኢቃማ ኖሮኝ አያውቅም። አሁን ሪያድ ውስጥ መኪና አጥባለሁ። በየጊዜው «ምሕረት ሊታወጅ ነው» ይባላል። ልጠብቅ ወይስ እጄን ልስጥ? (ከሪያድ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ የእርስዎን ውሳኔ እኛ ልንወስንልዎት አንችልም፤ የምናውቀውን ግን እንንገርዎ። መጋቢት 20 ቀን 2009 ዓ.ም. በተጀመረው «ጥሰት የሌለባት አገር» በተባለው ዘመቻ ለ90 ቀናት፣ ቆይቶም በማራዘሚያ፣ ወረቀት የሌላቸው ሰዎች ያለ ቅጣት እንዲወጡና ወደፊት በሕጋዊ መንገድ መመለስ እንዲችሉ ተፈቅዶ ነበር። አሻራ ሰጥቶ መባረር ዳግም መግቢያን ስለሚዘጋ ልዩነቱ ትልቅ ነው። በዚያ ጊዜ ብዙ ወገኖቻችን «ይራዘማል» እያሉ ጠብቀው ቀኑ አለፈባቸው። ቀነ ገደቡ ካለቀ በኋላ አሰሳው ተጀመረ፤ ከግንቦት 2009 እስከ መጋቢት 2011 ዓ.ም. ድረስ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሱት 260,000 ያህል እንደሆኑ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት መዝግቧል። ስለዚህ ምሕረት ሲታወጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መጠቀም ነው። የሚታወጀውም በሳዑዲ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል እንጂ በቲክቶክ ስላልሆነ፣ «ስምህን አስመዘግብልሃለሁ» ብሎ ሪያል የሚቀበልዎትን ሰው አይመኑ።

ከምሕረት ውጭ ለመውጣት ከወሰኑ ፓስፖርት የሌለው ሰው ከኤምባሲው ወይም ጅዳ ካለው ቆንስላ ሊሴ ፓሴ፣ ማለትም በፓስፖርት ፈንታ የሚሰጥ የጉዞ ሰነድ፣ ማውጣት አለበት። ይህን ወረቀት ቀድመው በእጅዎ ቢያደርጉ ተርሂል ውስጥ የሚያሳልፉት ጊዜ ሊያጥር ይችላል፤ በማቆያ ውስጥ ሰው የሚጉላላበት አንዱ ምክንያት የጉዞ ሰነዱ መዘግየት ነውና። ያጠራቀሙት ገንዘብ ካለም አስቀድመው በሕጋዊ መንገድ ይላኩት፤ በአሰሳ ከቤቱ የተወሰደ ሰው ዕቃውን ለመሰብሰብ ጊዜ አያገኝም።

አንድ ነገር እንለምንዎ። እርስዎ ያለፉበትን መንገድ ለታናናሾችዎ አይምከሩ። እርስዎ ከገቡ ወዲህ ያ ድንበር ብሶበታል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን በኩል ለመሻገር የሞከሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን መግደላቸውን ገልጿል። የሳዑዲ ባለሥልጣናት መሠረተ ቢስ ነው ብለው አስተባብለዋል፤ በሐርቡና በራያ ግን ልጁ የደረሰበትን የማያውቅ ቤተሰብ አለ።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ አሠሪውን ትወቅሳላችሁ። ማንኛውም አገር ድንበሩን የመጠበቅና ለዜጎቹ ሥራ የማስገኘት መብት አለው። ሕጉን ጥሶ የገባ ሰው ቢባረር ምኑ ነው ስሕተቱ? (ከአዳማ)

መልስ፦ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ላይ ክርክር የለንም። ሳዑዲ ዓረቢያ ማን በምድሯ እንደሚሠራ የመወሰን መብት አላት፤ ወጣቱ ብዙ የሆነባት አገር ስለሆነች ሥራን ለዜጎቿ ማስቀደሟም አያስደንቅም። የእኛ ጥያቄ የተመረጠው መንገድ የሚፈለገውን ውጤት ያመጣል ወይ የሚል ነው። ከ2006ቱ መባረር በኋላ የ2009ኙ ዘመቻ መጣ፤ ከእርሱም በኋላ በመጋቢት 2014 ዓ.ም. 100,000 ያህል ሰዎችን ለመመለስ ሁለቱ መንግሥታት እንደገና ተስማሙ። በስምንት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ሰው ተጭኖ የቦታው ሰው ካልጎደለ፣ የሚጠራው ሥራ እዚያው አለ ማለት ነው።

ሥራው እንዴት እንደሚጠራ በአንድ ስሌት ማሳየት ይቻላል። የሳዑዲ መንግሥት የግል ድርጅቶች የውጭ አገር ሠራተኛ ሲቀጥሩ የሚከፍሉትን ግብር እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በየዓመቱ እያሳደገ በ2020 በአንድ ሠራተኛ በወር እስከ 800 ሪያል አደረሰው፤ በዓመት 9,600 ሪያል መሆኑ ነው። የቤት ሠራተኛ ኢቃማ ግን በዓመት 600 ሪያል ነው። በዚህ ልዩነት መካከል «ፍሪ ቪዛ» የሚባለው ንግድ ይበቅላል። አንድ ዜጋ በሾፌርነት ወይም በቤት ሠራተኝነት ስም ቪዛ ያወጣል፤ የመጣው ሰው ግን ሌላ ቦታ ይሠራና ስሙን ላዋሰው ካፊል በየጊዜው ይከፍላል። በወረቀቱ የተጻፈው ሥራና የሚሠራው ሥራ ስለማይገናኙ ሰውየው ኢቃማ በኪሱ እያለ ሕግ ጣሽ ነው። ወረቀት የሌለውን መቅጠር ደግሞ ለትንሹ ሱቅ ከሁሉም ይረክሳል። ረመዳን ሲቃረብ የቤት ሠራተኛ ፍላጎት ስለሚጨምር፣ ከኮንትራት ቤት ጠፍታ የወጣች ሴት በኮንትራቱ ከተጻፈላት የበለጠ ደመወዝ ትጠይቃለች፤ የሚከፍላትም ታገኛለች። የሚከፍላት ያው ሕጉን የሚያውቅ የአገሩ ዜጋ ነው።

በሕጉ ላይ ለአሠሪውም ቅጣት እንዳለ አይካድም። ድንበር ጥሶ የገባን ሰው ያጓጓዘ ወይም ያስጠለለ እስከ 15 ዓመት እስራትና እስከ 1 ሚሊዮን ሪያል መቀጮ ሊደርስበት እንደሚችል የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሩ በየሳምንቱ መግለጫው ያስታውቃል። በዚያው መግለጫ የተያዙት ሰዎች በሺሕዎች ይቆጠራሉ፤ ድንበር ሲያቋርጡ ከተያዙት መካከል ኢትዮጵያውያንና የመናውያን ብዙውን ቦታ ይይዛሉ። በማጓጓዝ፣ በማስጠለልና በመቅጠር ተያዙ የሚባሉት ግን ከእነዚያ ሺሕዎች አጠገብ ሲታዩ ጥቂቶች ናቸው።

ሌላ መንገድ የሞከረ ጎረቤትም አለ። ባሕሬን እ.ኤ.አ. በ2017 ፈቃዳቸው የተቃጠለባቸው ሠራተኞች ያለ ካፊል በራሳቸው ስም የሚያወጡት «ፍሌክሲ» የተባለ ፈቃድ ጀምራ ነበር። ክፍያው ለአነስተኛ ደመወዝተኛ ከባድ ነበር፤ የአገሩ ነጋዴዎችም ተቃወሙት፤ በ2022 ተነሥቶ በሌላ የምዝገባ ሥርዓት ተተካ። ኳታር በ2020 ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ እንዲቀይር ፈቀደች። ሳዑዲም በ2021 ተመሳሳይ ማሻሻያ አድርጋለች፤ ነገር ግን የቤት ሠራተኞችን አላካተተችም። ብዙዎቹ ሴቶቻችን ያሉት ደግሞ በቤት ሠራተኝነት ነው። ጠያቂያችን ሕግ ይከበር ሲሉ ትክክል ናቸው፤ የተበደለችው ሠራተኛ ወረቀቷን ሳታጣ አሠሪ እንድትቀይር ቢፈቀድ ግን ሕግ ጥሳ የምትገኘው ሴት ቁጥር ያለ አንዳች አሰሳ ይቀንስ ነበር።

ጥያቄ፦ ኤጀንሲው «ለቪዛና ለትኬት» ብሎ ብር ጠየቀኝ፤ ደረሰኝ የለውም። መክፈል አለብኝ? (ከጅማ)

መልስ፦ የለብሽም፣ እህታችን። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪ በአዋጁ መሠረት የአሠሪው ነው። ያንቺ ድርሻ እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከወንጀል ነጻ ማስረጃና የብቃት ምዘና የመሳሰሉት ናቸው፤ እነዚህም ለሚመለከተው ተቋም በደረሰኝ የሚከፈሉ እንጂ ለኤጀንሲ የሚሰጡ አይደሉም። ኤጀንሲ አገልግሎቱን የሚያስከፍለው አሠሪውን ነው፤ ከሠራተኛ ገንዘብ መቀበል ፈቃዱን ሊያሳጣው ይችላል። የጠየቀሽን ሰው ስም፣ ቀኑንና የብሩን መጠን ጽፈሽ በአቅራቢያሽ ወዳለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሂጂ፤ ኤጀንሲው ፈቃድ እንዳለውም እዚያው ጠይቂ። ኮንትራቱን በምትረጂው ቋንቋ አንብበሽ ሳትፈርሚና ቅጂውን ቤተሰብሽ ዘንድ ሳታስቀምጪ አትሳፈሪ። ዕድሜሽ 18 ካልሞላ ደግሞ ጨምረው ቢያወጡልሽም አትቀበዪ፤ በመታወቂያው ላይ የተጨመረው ዓመት በኋላ ክስ ሲነሣ የሚቆጠረው ባንቺ ላይ ይሆናል።